ዴሞክራት ወይስ ሪፐብሊካን? አሜሪካ ለሚኖር ሀበሻ መራጭ የንጽጽር መመሪያ

ቀጣዩ የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ኖቬምበር 7 ቀን 2028 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ትራምፕ ሁለት ጊዜ ስለተመረጡ ሕጉ ለሦስተኛ አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ በሁለቱም በኩል አዲስ ፊት ይመጣል። እጩዎቹ ከታወቁ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ሰዎቹ ይሆናል፤ ማን ሳቀ፣ ማን ተሳደበ፣ ማን ክርክር ላይ ተንተባተበ። ፓርቲን ከፓርቲ ረጋ ብሎ ለማነጻጸር የሚመቸው ጊዜ አሁን ነው።

ቡና ላይ የሚሰማው ክርክር ይታወቃል። አንዱ "ዴሞክራት ለስደተኛ ያዝናል" ይላል። ሌላው "ሪፐብሊካን እምነትህን ያከብርልሃል" ይላል። ሦስተኛው "ሁለቱም ለኢትዮጵያ አልበጁም" ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም ባዶ ወሬ አያወሩም። ግን አንዱ ስለ ወረቀት፣ ሌላው ስለ ልጆቹ፣ ሦስተኛው ስለ አገሩ ነው የሚናገረው። እንዲህ ሆኖ መግባባት ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ፦ መምረጥ ትችላላችሁ?

በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። ይህን ሁሉም ያውቃል ብላችሁ አትለፉት፤ ችግሩ የሚመጣው ምርጫ ጣቢያ ሳይሆን መንጃ ፈቃድ ቢሮ ነውና። መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ስታወጡ "ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋላችሁ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። እንግሊዝኛው ያልገባው ሰው ቶሎ ለመጨረስ "አዎ" ይልና ይፈርማል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ዜግነት ያስከለክላል፤ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል። እማማን ወይም አባባን ይዛችሁ ስትሄዱ እዚያ ጥያቄ ላይ አጠገባቸው ሁኑ።

ዜግነት ይዘው እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ደግሞ የፌዴራል ሕግ መብት ሰጥቷል። ማንበብ የሚቸግረው መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ረዳት አድርጎ መግባት ይችላል። ረዳቱ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ እንዳይሆን። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አማርኛ በከተማው የቋንቋ ሕግ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ የምርጫ መረጃ በአማርኛ ይገኛል።

መስፈርቶቹ

እኔ አምስት አድርጌአቸዋለሁ፦ ወረቀት (የመኖሪያ ፈቃድና የስደት ጉዳይ)፣ ኪስ፣ ጤና፣ ልጅና እምነት፣ የኢትዮጵያ ጉዳይ። አስር ነጥብ ያዙና ከታች ያለውን ሳታነቡ ለአምስቱ አከፋፍሉት። ባልና ሚስት ለየብቻ ብትጽፉት ይሻላል። (ከዚያ ለሚነሣው ጠብ ኃላፊነት አልወስድም።)

በእያንዳንዱ መስፈርት ላይ አንድ ጥያቄ አትርሱ፤ ይህን ነገር ፕሬዝዳንቱ ብቻውን ያደርገዋል? ወይስ ኮንግረስ ያስፈልገዋል? ወይስ ጭራሽ የስቴቱና የካውንቲው ጉዳይ ነው? ብዙ ቃል የሚገባው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው። ለምሳሌ የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም ወገን ፕሬዝዳንት አይተናል።

ወረቀት

ልዩነቱ በጣም የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። ፕሬዝዳንቱም ኮንግረስን ሳይጠብቅ ብዙ ነገር ይቀይራል።

የስደተኞች ቅበላ ጣሪያን እዩ። ቁጥሩን በየዓመቱ የሚወስነው ፕሬዝዳንቱ ነው። ባይደን 125,000 አደረጉት። ትራምፕ ለ2026 በጀት ዓመት 7,500 ብለው ቆረጡት። ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ተቀምጦ ፕሮሰሱን የሚጠብቅ እህት ወይም ወንድም ላለው ሰው፣ የፖሊሲ ልዩነት የሚባለው ይኸው ነው። ቲፒኤስም (አገሩ መመለስ አደገኛ ለሆነበት ሰው የሚሰጥ ጊዜያዊ ጥበቃ) እንደዚሁ። የባይደን መንግሥት በ2022 ለኢትዮጵያውያን ሰጠ፤ የትራምፕ መንግሥት ይህ ጥበቃ እንዲያበቃ በ2025 መጨረሻ ላይ ወሰነ።

የአሳይለም (የጥገኝነት) ማመልከቻ ድሮ አይከፈልበትም ነበር። ሪፐብሊካኖች በጁላይ 2025 ያጸደቁት ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ 100 ዶላር ጣለበት። ጉዳዩ እስኪታይ በየዓመቱ ሌላ 100 ደነገገ። ለመጀመሪያው የሥራ ፈቃድ ደግሞ 550 ዶላር።

ታዲያ "ዴሞክራት የስደተኛ አባት ነው" የሚለውም ሲመረመር ይላላል። በኦባማ ዘመን ብዙ ሰው ተባርሯል። ባይደን ራሳቸው በጁን 2024 ድንበር ላይ አሳይለም መጠየቅን አጥብቀውታል። ዲቪን ደግሞ ተመልከቱ። የወለደው የ1990 ሕግ ነው፤ ፊርማው የሪፐብሊካኑ የአባት ቡሽ። በ2013 ሴኔት ያሳለፈው የስደተኞች ሕግ ዲቪን ሊያስቀረው ነበር፤ ሴኔት ውስጥ የነበሩት ዴሞክራቶች በሙሉ ደግፈውታል። ዲቪ የተረፈው ሕጉ በሪፐብሊካኖች እጅ በነበረው በተወካዮች ምክር ቤት ስላልጸደቀ ነው። አሁን ግን ሎተሪው ይቅር ብሎ በግልጽ የሚናገረው የትራምፕ ወገን ነው።

ሪፐብሊካን የሆኑ ሀበሾች ክርክርም አለ። ዓመታት ጠብቆ በሕጋዊ መንገድ የገባ ሰው "ለምን ሌላው ተሰልፎ ሳይጠብቅ ይገባል?" ይላል። ይህ ስሜት በእኛም ውስጥ ሰፊ ነው፤ አደባባይ ላይ ግን ብዙም አይነገርም። ድንበር ጥብቅ ይሁን ብሎ የሚያምን ሰው ነጥቡን ለሪፐብሊካን ቢሰጥ ቦታው ነው። በሂደት ላይ ያለ ቤተሰብ ያለው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ኪስ

ሪፐብሊካን ታክስ መቀነስ ይወዳል፣ ዴሞክራት ድጎማና የሠራተኛ ጥበቃ ይወዳል። ይህ በጥቅሉ ልክ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ስንገባ ግን ማን ተጠቀመ የሚለው እንደየሥራው ይለያያል።

ምግብ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የጽዳት ድርጅት ያለው ሰው ከ2017ቱ የሪፐብሊካን ሕግ ጥሩ ነገር አግኝቷል። ብዙ የግል ሥራ ያላቸው ሰዎች ከትርፋቸው እስከ 20 በመቶውን ከታክስ ስሌት ያወጣሉ። የ2025ቱ ሕግ ይህን ቋሚ አደረገው። ለኡበር ነጂም ይሠራል።

ትናንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ 2021ን ያስታውሳል። ዴሞክራቶች የልጆች ታክስ ክሬዲትን ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 3,600 ዶላር አድርሰው፣ ግማሹን በየወሩ ባንክ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ለአንድ ዓመት ብቻ ቆየ። አሁን በ2025ቱ ሕግ 2,200 ነው። በሌላ በኩል የዋጋ ንረት በጁን 2022 በባይደን ጊዜ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ የእንቁላልና የኪራይ ዋጋ የሰው ምሬት ሆነ። ንረቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ልክ አይደለም፤ መራጩ ግን ጭኖታል።

ላስ ቬጋስ ካሲኖ ወይም ዲሲ ምግብ ቤት በቲፕ የምትኖሩ፣ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ እስከ 2028 ድረስ ከፌዴራል የገቢ ታክስ ስሌት ይወጣል። ሶሻል ሴኩሪቲው ግን አሁንም ይቆረጣል። ይህን ሐሳብ በ2024 መጀመሪያ ያመጡት ትራምፕ ናቸው፤ ቆይተው ካማላ ሃሪስም ደገፉት። ስለዚህ በዚህ ብቻ ፓርቲ መምረጥ አያስኬድም።

አሁን የሁላችንንም የሚነካው፤ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ። የዚያው የ2025 ሕግ የመጀመሪያ ረቂቅ ዜጋ ያልሆነ ሰው በሚልከው ላይ 5 በመቶ ይጥል ነበር። ወደ 3.5 ወረደ፤ በመጨረሻ 1 በመቶ ሆነ፤ ዜጋንም ይጨምራል። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ሱቅ ሄዳችሁ 500 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ብትልኩ 5 ዶላር ይጨመርባችኋል። በአሜሪካ ባንክ ዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ አካውንት ብትልኩ ምንም የለም። ፓርቲው ማንም ይሁን፣ እናታችሁ ጋ የሚደርሰውን በካርድ ላኩት።

ከባድ መኪና የምትነዱም አላችሁ። ትራምፕ በኤፕሪል 2025 ባወጡት ትእዛዝ መሠረት የመንገድ ተቆጣጣሪ አስቁሞ እንግሊዝኛ ይፈትናል፤ ያልቻለ ነጂ ከመንገድ ይወጣል። ሕጉ ድሮም ነበረ፤ በኦባማ ጊዜ ላልቶ ነበር። የታክስ ቅናሹና የመንገዱ ፈተና ከአንድ መንግሥት ነው የመጡት።

ጤና

እዚህ ብዙ አልቆይም። ኦባማ ኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ በ2010 የወጣው በዴሞክራቶች ድምፅ ብቻ ነው። በ2021 የጨመሩት ድጎማ በ2025 መጨረሻ አበቃ፤ በእሱ ጠብ መንግሥት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ለ43 ቀን ተዘግቶ ነበር። አሠሪ የሌለው የኡበር ነጂ ኢንሹራንሱ የሚመጣው ከኦባማ ኬር የኢንሹራንስ ገበያ ስለሆነ ልዩነቱን ከወርሃዊ ክፍያው ያውቀዋል። የ2025ቱ ሕግ በኦባማ ኬር ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) የገቡ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት ሥራ ወይም ተመሳሳይ ነገር እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ስደተኝነት ወይም አሳይለም አግኝቶ ግሪን ካርድ ገና ያልያዘ ሰው ደግሞ ፉድ ስታምፕ አጥቷል። ሜዲኬር ያላቸው አዛውንቶች የኢንሱሊን ክፍያ በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ የተደረገው በ2022 በባይደን ጊዜ ነው። በዚህ መስፈርት ከፍ ያለ ነጥብ የሰጠ ሰው ወደ የት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

ልጅ፣ እምነትና ፍርድ ቤት

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ። ትምህርት ቤቶቹ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትንና የፆታ ማንነትን የሚያነሡ የንባብ መጻሕፍት አስገቡ። መጀመሪያ ወላጅ ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይችል ነበር። በ2023 ያ ተከለከለ። ሮክቪል ላይ በተደረገው ሰልፍ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሂጃብ የለበሱ እናቶች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጁን 27 ቀን 2025 ወላጆቹ 6 ለ 3 አሸነፉ። ስድስቱም ዳኞች በሪፐብሊካን ፕሬዝዳንቶች የተሾሙ ናቸው፤ ሦስቱ ተቃዋሚዎች በዴሞክራቶች።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። በዚያው ቀን፣ እነዚያው ስድስት ዳኞች ሌላ ውሳኔ ሰጡ። ትራምፕ እዚህ የሚወለዱ የአንዳንድ ስደተኞች ልጆች ዜግነት እንዳያገኙ ትእዛዝ አውጥተው ነበር፤ ሜሪላንድ ያለ የስደተኞች ድርጅትና ሌሎች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በዜግነቱ ላይ አልፈረደም። ግን የሥር ዳኞች የፕሬዝዳንት ትእዛዝን በመላ አገሪቱ የማገድ ሥልጣናቸውን ቀነሰ። ሮክቪል ላይ የተሰለፈች እናት ጠዋት በአንዱ ውሳኔ ደስ ብሏት፣ በሌላው የወረቀት ጉዳይ ያላት እህቷ ልትሰጋ ትችላለች። ዳኞቹ ተነጣጥለው አይመጡም።

ፅንስ ማቋረጥ ላይ የሁለቱ ፓርቲዎች አቋም ስለሚታወቅ አልመለስበትም። ከ2022 ወዲህ ጉዳዩ በዋናነት በስቴቶች እጅ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍትን የሚመርጠውም ፕሬዝዳንቱ አይደለም። የካውንቲው ትምህርት ቦርድ ነው፤ እሱም በምርጫ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ግን ያንን የድምፅ መስጫ ክፍል ባዶ ይተወዋል።

የኢትዮጵያ ጉዳይ

ብዙ ሰው ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጠው እዚህ ነው። እኔ ከአስር ከአንድ በላይ አልሰጠውም። ለምን?

በ1984 ረኃብ ጊዜ ደርግን አጥብቀው የሚጠሉት ሪፐብሊካኑ ሬጋን "የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም" ብለው እህል ላኩ። በኤችአይቪ ላይ በ2003 የተጀመረው ትልቅ እርዳታ የልጅ ቡሽ ነው። በ2020 ግን ትራምፕ በሕዳሴ ግድብ የተነሣ የተወሰነ እርዳታ አገዱ፤ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለውም ተናገሩ። ባይደን መጥተው እገዳውን ከግድቡ ለዩት። እሰይ ሲባል፣ በሴፕቴምበር 2021 በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የማዕቀብ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) አስወጡ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ወጣቶች ያውቁታል። ቨርጂኒያ ውስጥ በ2021 የገዥ ምርጫ ባይደን ላይ የተቆጡ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቅስቀሳ አደረጉ፤ ያንግኪንም አሸነፉ። በ2025 ደግሞ የትራምፕ መንግሥት የአሜሪካን የውጭ እርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲን ዘጋ።

ከዚህ ውስጥ የፓርቲ መስመር ማውጣት የቻለ ይንገረኝ። ደግሞ እኛ ራሳችን አንድ አቋም የለንም። አንዱ "ጣልቃ ገብነት" ያለውን የ2021 ማዕቀብ፣ መቀሌ ዘመድ የነበረው ሰው "ዘገየ" ብሎታል። አንድ ጉዳይ ማስፈጸም የሚፈልግ ማኅበረሰብ ከዋይት ሀውስ ይልቅ የአካባቢውን የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ ቢያንኳኳ ይቀለዋል።

የምትኖሩበት ስቴት

ይህ መስፈርት ሳይሆን የድምፃችሁ ክብደት ነው። ለማሸነፍ ከ538 የኤሌክቶራል ድምፅ 270 ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር አንድ ስቴት ላይ የበለጠ ሰው የመረጠው እጩ የስቴቱን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ በልጠው የተሸነፉት በዚህ ነው።

ዲሲ (3 ድምፅ) ከ1964 ጀምሮ ከዴሞክራት ሌላ መርጣ አታውቅም። ሜሪላንድም (10) የተቆረጠ ነው። ቴክሳስ (40) ከ1980 ጀምሮ የሪፐብሊካን ነው። ሚኒሶታ (10) እና ቨርጂኒያ (13) ወደ ዴሞክራት ያዘነብላሉ፣ ግን ልዩነቱ ሰፊ አይደለም። ጆርጂያና (16) ኔቫዳ (6) ሌላ ዓለም ናቸው። ጆርጂያን በ2020 ባይደን በ11,779 ድምፅ ወሰዱ፤ በ2024 ትራምፕ መለሱት። አትላንታና ክላርክስተን አካባቢ ያለው ሀበሻ ቢተባበር ይታያል።

ሦስተኛ ፓርቲስ?

በ1992 ሮስ ፔሮ ወደ 19 በመቶ የሕዝብ ድምፅ አገኙ። የኤሌክቶራል ድምፃቸው ዜሮ ነበር። በ2000 ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ልዩነት ስትወሰን፣ ራልፍ ኔደር እዚያው ከ97,000 በላይ ወስደዋል። ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ተቀምጦ ተቃውሞን በሦስተኛ ፓርቲ መግለጽ ብዙ አያስከፍልም። ጆርጂያ ላይ ግን ዋጋ አለው። ቤት መቀመጥም ያው ነው፤ ከዚያ በላይ የትምህርት ቦርዱንና የኮንግረሱን ድምፅ ያሳጣል።

| መስፈርት | ዴሞክራት | ሪፐብሊካን | በማን እጅ ነው? |
|---|---|---|---|
| ወረቀት | ሰፋ ያለ ቅበላ፤ ድንበሩ ሲጨናነቅ ያጠብቃል | ጥብቅ ድንበር፣ ዝቅተኛ ቅበላ፣ አዲስ ክፍያዎች | በአብዛኛው ፕሬዝዳንቱ |
| ኪስ | የልጆች ድጎማ፣ የደመወዝ ጭማሪ | የታክስ ቅናሽ ለግል ሥራና ለቲፕ፤ በጥሬ ገንዘብ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ | ኮንግረስ |
| ጤና | የኢንሹራንስ ድጎማ | የሥራ ግዴታ፣ አነስተኛ የመንግሥት ወጪ | ኮንግረስና ስቴት |
| ልጅና እምነት | የእኩልነት ሕጎች፣ የፅንስ ማቋረጥ መብት | የወላጅ መብት፣ የሃይማኖት ነፃነት | ዳኞች፣ ስቴት፣ ካውንቲ |
| ኢትዮጵያ | ወጥ አይደለም | ወጥ አይደለም | ፕሬዝዳንቱ |

እንደየሁኔታችሁ

*አሳይለም ወይም የቤተሰብ ጉዳይ በሂደት ላይ ካለ፦* ዴሞክራት ያዋጣል። ልዩነቱ በፕሬዝዳንቱ እጅ ስላለ ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል።

*ሁሉም ዜጋ የሆነበት ቤት፣ የግል ሥራም ካለ፦* የታክሱ ሒሳብ ወደ ሪፐብሊካን ያመዝናል። ኢንሹራንሳችሁ ከኦባማ ኬር ከሆነ ግን ሁለቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና ቀንሱ። አንዳንዱ ቤት የታክሱን ትርፍ ኢንሹራንሱ ይበላዋል።

*እምነት ከሁሉ የሚቀድምባችሁ ከሆነ፦* ዳኛ የሚሾመው ፕሬዝዳንት፣ የሚያጸድቀው ሴኔት ነው። ለሪፐብሊካን የሚሰጥ ድምፅ እዚህ ላይ ትርጉም አለው፤ የጁን 27ን ሌላውን ውሳኔ ግን አብራችሁ ትቀበላላችሁ።

*ሜዲኬይድ ያላቸው ወላጆች የምትጦሩ፦* ዴሞክራት።

*ልባችሁ ለሁለት ከተከፈለ፦* ፕሬዝዳንቱን ከአንዱ፣ የኮንግረስ ተወካዩን ከሌላው መምረጥ ይቻላል። አሜሪካኖቹ ያደርጉታል፤ እኛ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ማጥቆር እንወዳለን።

*ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀበት ስቴት የምትኖሩ፦* ትኩረታችሁን ወደ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን ወደሚመርጥበት የቅድሚያ ምርጫ) አዙሩ። ሜሪላንድ ላይ ከፕሬዝዳንት በታች ላለ ሥልጣን የሚወዳደር ሰውም ከዴሞክራት ፕራይመሪ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ገብቷል ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የፓርቲ ምዝገባ የለም፤ ከሁለቱ በፈለጋችሁት ፕራይመሪ ትገባላችሁ። ሜሪላንድ ላይ ግን የፓርቲው አባል ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው የፓርቲ እጩ መምረጥ አይችልም፤ መቀየሪያውም ከፕራይመሪው ቀን ቀደም ብሎ ይዘጋል። ምዝገባችሁ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ በስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ዛሬውኑ ማየት ትችላላችሁ።